ለሃምሳ ዘጠኝ ማን ያካፍላል?

አንዲት ሴት ሸሚዝ ትተኩሳለች።

ይኸው ነው ነገሩ፤ ከዚህ ተነስተን እንሂድ። ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ የወንድሟ ነው። ወንድሟ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስቦ ሒሳብ ያስጠናል። ግድግዳው ስስ ነው። ሳሎን የሚባለው ሁሉ ጓዳ ይሰማል። ጓዳ የሚባለው ግን ሳሎን ተሰምቶ አያውቅም።

የሴትየዋ ስም ዘነበች ነው። እዚያ ቤት የመጣችው በአስራ አራት ዓመቷ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከወረዳው ሦስተኛ ሆና ባለፈች በወሩ። የወንድሟ ሚስት ወልዳ ነበርና ወንድሟ ለአባታቸው እንዲህ አላቸው፦ «ለአንድ ዓመት ብቻ ትምጣልኝ። እዚያው ከተማ አስተምራታለሁ።»

ለአንድ ዓመት ብቻ! እናንተም ታውቁታላችሁ አይደል ይህን አንድ ዓመት? ስንቶቻችሁ ናችሁ ለአንድ ዓመት ብላችሁ ያመጣችኋት ልጅ ዛሬ እናንተ ቤት ሽበት የጀመራት?

የዘነበች አንድ ዓመት አስራ ሁለት ዓመት ሆነ። ልጁ አደገ። ሁለተኛ ተወለደ፤ እሱም አደገ። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ በግድግዳው በኩል። ዘጠነኛ ክፍልን ሽንኩርት እየላጠች፣ አስረኛን ሳፋ ላይ አጎንብሳ ጨረሰችው። ወንድሟ ሱሪው ኪስ ውስጥ የጠመኔ ቁርጥራጭ ይረሳል፤ እሷ ስታጥብ ታወጣና በጣሳ ታጠራቅማለች። ደብተሯ የጓሮው የቆርቆሮ በር ነበር። ትጽፋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ማንም አስተማሪዋ አልነበረም፤ ማንም ተማሪዬ አላላትም።

በዚያ ቅዳሜ መምህር ኤርሲኖ፣ ወንድሟ፣ ስለ ብቸኛ ቁጥር እያስተማረ ነበር። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ማንም ያለ ቀሪ የማያካፍለው ቁጥር ነው። ሰባት ብቸኛ ነው። ዘጠኝ አይደለም፤ ሦስት ይገባና እኩል እኩል ይከፍለዋል።

«የመጀመሪያዎቹን ስድስት ብቸኛ ቁጥሮች ጥሩልኝ» አለ።

«ሁለት! ሦስት! አምስት! ሰባት! አስራ አንድ! አስራ ሦስት!»

«አባዟቸው።»

ካልኩሌተር ተንጫጫ። «ሠላሳ ሺህ ሠላሳ!»

«አንድ ጨምሩበት።»

«ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ!»

«አሁን ለሁለት አካፍሉት። ምን ተረፈ?» «አንድ!» «ለሦስትስ?» «አንድ!» «ለአምስት? ለሰባት? ለአስራ አንድ? ለአስራ ሦስት?» «አንድ! አንድ! አንድ! አንድ!»

«ስለዚህ ምንድን ነው?»

«ብቸኛ!»

«ብቸኛ ነው!» አለ መምህሩ፤ በግድግዳው በኩል እንኳ ፈገግታው ይሰማ ነበር። «ይህን ቁጥር የሚሰብረው የለም።»

ዘነበች ካውያውን አቆመች። አንድ ነገር ቆረቆራት። ስድስቱን ብቻ ጠየቀው እኮ። ሌሎቹስ?

መምህር ኤርሲኖ በዚያ ወር ለቤተ ክርስቲያን ሽምግልና ታጭቶ ነበር። የዚያ ጉባኤ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ የታጨው ሰው ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሦስት እሑድ በተከታታይ ከመድረክ ይነበባል። «ተቃውሞ ያለው ይቅረብ» ይባላል። ሦስት ጊዜ ዝም ከተባለ ሰውየው ነቀፋ የለበትም ማለት ነው፤ እጅ ይጫንበታል።

መምህሩም ቁጥሯን ወደዳት። በጣም ወደዳት። ከስሙ በታች እንድትለጠፍለት ለመነ፣ ተፈቀደለት። «30031። እንደዚህ ቁጥር ያልተከፈለ ልብ። የሚያካፍለው ካለ ይቅረብ።» ለሹመቱ ቀን ደግሞ ከመድረኩ ኋላ የሚሰቀል ባነር አዘዘ፤ ቁጥሯ በወርቃማ ቀለም፣ ቁመቷ አንድ ሜትር።

የመጀመሪያው እሑድ አለፈ። ማንም አልቀረበም። ሁለተኛውም አለፈ።

«አየሽ?» አላት ምሳ ላይ። «ሁለት እሑድ ሙሉ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ተረጋገጠ።»

ተረጋገጠ! ሰማችሁ? ዝም ስለተባለ ተረጋገጠ! ይህ ሰው የሒሳብ መምህር ነው። ተማሪው እንዲህ ብሎ ቢጽፍለት ዜሮ ይሰጠው ነበር። ታዲያ ዝምታ ማስረጃ ነው ብሎ ማን አስተማረው? ኮሌጅ አይደለም። እኛ ነን። እኛ ነን በየሦስት እሑዱ ያስተማርነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ጉሮሮውን አፍኖ ሲቀመጥ «ነቀፋ አልተገኘበትም» ብለን የምንጽፍ እኛ ነን!

ዘነበች ግን ዝም አላለችም፤ ታካፍል ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ራሱ ወንድሟ ያስተማረውን በግድግዳው በኩል ሰምታ ይዛዋለች። ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ በራሱ ቢባዛ ከቁጥሩ አያልፍም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው መሄድ አያስፈልግም፤ ግን እስከ ልኩ መሄድ ግዴታ ነው። መቶ ሰባ ሦስት በራሱ ሲባዛ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ መቶ ሰባ አራት በራሱ ሲባዛ ግን ከሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ያልፋል። እንግዲህ እስከ መቶ ሰባ ሦስት ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ መጠየቅ አለባት። ቆጠረቻቸው። አርባ ናቸው።

አርባ። ወንድሟ ስድስት ጠይቆ እጁን አራገፈ።

አስራ ሰባትን ጠየቀች፤ ዘጠኝ ተረፈ። ልብስ ዘፈዘፈች። አስራ ዘጠኝን ጠየቀች፤ አስራ አንድ ተረፈ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣች። ሃያ ሦስት፣ አስራ ስድስት ተረፈ። ሃያ ዘጠኝ፣ አሁንም አስራ ስድስት። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሰባት። ወጡ ሊያርርባት ሲል ሮጣ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። አርባ አንድ። አርባ ሦስት። አርባ ሰባት ላይ አርባ አምስት ተረፈ። ሃምሳ ሦስት ላይ ሠላሳ ሦስት።

ሃምሳ ዘጠኝ።

ምንም አልተረፈም።

አጠፋችው፤ እንደገና ሠራችው። ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ አምስት መቶ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ። ምንም አይተርፍም። የቆርቆሮው በር ፊት ቆማ ሳቀች፤ ብቻዋን። ከዚያ ሳቋ ቀረ፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ከዚህ ሰው አንድ ነገር ትፈልግ ነበር።

የማታ ትምህርት ምዝገባ ተከፍቷል። ሰኞ ይዘጋል። የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ደግሞ ቁርጡን ነግራታለች፦ «የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን፣ ዋናውን። ኮፒ አንቀበልም።» ዋናው ያለው በወንድሟ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ይቆለፋል። ቁልፉ ወንድሟ ወገብ ላይ ነው።

ሳትጠይቀው ቀርታ አይደለም። በየዓመቱ ጠይቃዋለች፤ እሱም በየዓመቱ ምክንያት አያጣም። «ልጁ እግር ይትከል።» «ቤት እስክንቀይር።» «የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶብኛል፤ እፈልገዋለሁ።» ዘንድሮ ደግሞ «ሹመቱ ይለፍ»።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ለምሳ አትመጣም። ዘነበች ወጡን ጨልፋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ያ ቁጥር ይካፈላል።»

«የቱ?»

«ባነሩ ላይ ያለው።»

ሳቀ። «አንቺ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላይልኝ እንጂ ቁጥሩን ለኔ ተይው።»

«ለሃምሳ ዘጠኝ።»

«ምን?»

«ለሃምሳ ዘጠኝ ይካፈላል። አምስት መቶ ዘጠኝ ይደርሳል። ቀሪ የለውም።»

ስልኩን አወጣ። በግራ እጁ፣ ቀኙ ወጥ ነክቷልና፣ ነካ ነካ አደረገ። ደግሞ ነካካ። ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ታዲያ ምን አለ መሰላችሁ? ተሳስቻለሁ አለ? ጎበዝ አለ? እንዴት አገኘሽው አለ?

«ለሃምሳ ዘጠኝ ማን ያካፍላል?» አለ።

ማን ያካፍላል! እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ስብራት እንዳለበት አየ፤ በገዛ ዓይኑ አየ። ግን ስብራቱን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ስብራት የለም አለ። ማን ያያል? ማን እስከዚያ ይሄዳል? ሰው ሁሉ ከአስራ ሦስት አያልፍም! ይህን አስቦ የማያውቅ እዚህ ካለ እጁን ያውጣ።

ዘነበች ግን መውጫ ይዛለት መጥታ ነበር። ያሳዝናል፤ እንዴት እንደምትወደው ተመልከቱ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ሺህ ሃያ ዘጠኝ ያድርጉት። አንድ ከመጨመር አንድ ይቀንሱ። እሱን አርባዎቹንም ጠይቄዋለሁ፤ ማንም አልከፈለውም። እውነተኛ ብቸኛ ነው። ባነሩ ላይ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው የሚቀየረው፤ በወረቀት ይለጠፍበታል።»

«ማን አገኘው ሲሉኝስ ምን ልል ነው? ቤት ውስጥ ያለች...» አላት። ቃሉን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

እጁን ታጠበ። ሲታጠብ ውሃውን የምታፈስለት እሷ ነበረች። ፎጣውን ሲቀበላት ድምፁ ለሰለሰ።

«ስሚ፣ ዘኒ። እሑድ ዝም በይልኝ። ሰኞ ጠዋት ወረቀትሽን በእጅሽ አስቀምጥልሻለሁ። ቃሌ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ሰኞ አልኩሽ እኮ።»

ጠፍቶብኛል ያለው ወረቀት ሰኞ ጠዋት የት እንዳለ ታወቀው ማለት ነው። ይህንንም ልብ አለችው።

ሦስት ቀን አሰበች። ዝም ብትል ምናልባት ታገኘዋለች። ምናልባት። ብትናገር ደግሞ በእርግጠኝነት ታጣዋለች፤ ምዝገባው ሌላ ዓመት ይሄዳል፤ እሷም ሃያ ሰባት ይሞላታል። አንድ ቁጥር ነው፤ ምን ቸገራት? ለራሷ እንዲህ ስትል ቆየች። ቅዳሜ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ ስትተኩሰው ግን አሰበችው፤ ይህ ሰው ዝም በይ ብሎ የገዛት በገዛ ወረቀቷ ነው። የሷን ነገር ይዞ ለሷ መልሶ እየሸጠላት ነው።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ባነሩ ተሰቅሏል። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ጋሽ ጡሚሶ፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ወንድማችንን ጠይቀናል። ይጠጣል ወይ? አይጠጣም። ያጨሳል ወይ? አያጨስም። ከትዳሩ ውጭ ይሄዳል ወይ? አይሄድም። ከጉባኤ ይቀራል ወይ? አይቀርም። ከጎረቤት ይጣላል ወይ? አይጣላም። ልጆቹን ያሳድጋል ወይ? በሚገባ ያሳድጋል።»

ልጆቹን ያሳድጋል። ዘነበች በመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትንሹን ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር።

«ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ። ተቃውሞ ያለው?»

ዝም።

ልጁን ከጎኗ ወዳለችው ሴትዮ ጭን አሸጋግራ ተነሳች። «እኔ አለኝ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጋሽ ጡሚሶ መነጽራቸውን አወረዱ። «እህት ዘነበች? በወንድምሽ ላይ?»

«በቁጥሩ ላይ ነው። ይካፈላል።»

ሳቅ ተነሳ። አንዱ ከመሃል «ወይ ጉድ፣ ሒሳብ ደግሞ ተጀመረ» አለ።

«ስልክ ያላችሁ አውጡ» አለች። ወደ ባነሩ በጣቷ አመለከተች። «ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ አምስት መቶ ዘጠኝ በሉ።»

ያን ጊዜ መቶ ስልክ በራ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ቀድሞ ጮኸ፦ «እውነቷን ነው! ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ! ልክክ አለ!»

መምህር ኤርሲኖ ማይክ ተቀበለ፤ ፈገግ ብሏል። «ወገኖቼ፣ እህቴ ትንሽ ቁጥር ትወዳለች። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ እኛ መልእክቱን እንያዝ።»

«ምሳሌውማ በጣም ልክ ነው» አለች ዘነበች። «ስድስት ጠየቅከው፣ አለፈ። እነሱም ስድስት ጠየቁህ፣ አለፍክ። አሁን ሃምሳ ዘጠኝን እኔ ልጠይቅህ።»

ሰማችሁ? በሕይወቷ ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት በሰው ፊት አንተ አለችው። እሷም አላስተዋለችውም።

«ወረቀቴ የት ነው?»

መምህሩ ባነሩን አየ፣ ወለሉን አየ። ጋሽ ጡሚሶ «የምን ወረቀት?» አሉ። ነገረቻቸው። አጭር ነው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። አስራ ሁለት ዓመት በአንድ ደቂቃ። ነገ ምዝገባው እንደሚዘጋም ጨመረች።

እንግዲህ ይህ ጉባኤ ምን አደረገ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ጋሽ ጡሚሶ ከጎናቸው ካለው ሽማግሌ ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያም በርኅራኄ፣ እውነት በርኅራኄ፣ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ይሄ የቤት ጉዳይ ነው። እቤት ይታያል። ተቀመጪ።»

«እቤት አስራ ሁለት ዓመት ታይቷል፣ ጋሽ ጡሚሶ።»

መዘምራኑ መዝሙር አነሱ። ማን እንዳዘዛቸው አይታወቅም። መምህሩ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑበት። ከላዩ 30031 በወርቃማ ቀለም ያበራል፤ አዳራሹ ሙሉ የሚያውቀው ውሸት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

ዘነበች አልጨፈነችም። በሩን ከፍታ ወጣች። እቤት ገባች። ዘነዘናውን ከሙቀጫው አወጣች፣ መሳቢያው ፊት ቆመች፣ መቆለፊያው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አወረደችበት።

ወረቀቱ ከላይ ነበር። ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አልነበረም፤ ጥግ አልገባም፤ አልጠፋም። ከሁሉ በላይ፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ስሟ ወደ ላይ። መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር፣ በየቀኑ፣ አስራ ሁለት ዓመት፣ ስሟን እያነበበ ይዘጋው ነበር ማለት ነው።

እዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስትጨርስ ፊቷን ታጠበች። ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ክፍሉ ሳይከፈት ተሰልፋ ነበር፤ የመጀመሪያዋ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባላችሁ፤ አውቃለሁ። አላለቀም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ጠሯት። ሰብሳቢው ጋሽ ጡሚሶ፤ ከጎናቸው አዲሱ ሽማግሌ መምህር ኤርሲኖ። ክሱ፦ የሰው መሳቢያ መስበር። ሦስት ወር ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ታገደች።

«ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሏት ጋሽ ጡሚሶ።

«ስንት?»

«እንዴት ስንት?»

«ትንሽ ያሉት ስንት ነው? ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ መቁጠር እችላለሁ።»

መዝገቡን ዘጉ። ቁጥሩን ዛሬም አልነገሯትም።

ቁልፍ የሰበረችው ተቀጣች፤ ቁልፍ የያዘው ተሾመ። ያ መሳቢያ በግማሽ ቀን ተጠገነ፤ አናጺው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። አስራ ሁለቱን ዓመት የሚጠግን አናጺ ግን የት ነው ያለው? አምጡልኝ!

አሁን እንግዲህ ወደ እናንተ ልዙር። አትንቀሳቀሱ፤ ሰዓታችሁን አትዩ።

እናንተም ስድስት ጥያቄ አላችሁ። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ አልሰርቅም፣ ከትዳሬ አልወጣሁም፣ ከጉባኤ አልቀረሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም። አንድ ተረፈ፣ አንድ ተረፈ፣ አንድ ተረፈ። ስድስቱን በየእሑዱ ለራሳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ በየእሑዱ ታልፋላችሁ፤ በየእሑዱ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ለምን አታልፉም? እናንተው መረጣችኋቸው እኮ! መልሳቸውን አስቀድማችሁ የምታውቋቸውን ጥያቄዎች ለቃቅማችሁ ቁጥሩን በነሱ ሠራችሁት፤ ከዚያ ዞራችሁ እነሱኑ ጠየቃችሁት። እንኳን እናንተ እንጨትም ያልፋል።

አስራ ሰባትን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሠራተኛዬን በስሟ ስንጠራት ልጆቼ ይሰማሉ ወይስ «አንቺ» ብቻ ነው? አስራ ዘጠኝን? ወንድሜ ሲሞት የተረከብኳትን ልጅ ከልጆቼ እኩል አስተምሬያለሁ? ሃያ ሦስትን? በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሜ ሲለጠፍ ዝም ያሉት ሁሉ ስለወደዱኝ ነው ወይስ ስለሚፈሩኝ?

ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አድካሚ ነው። ለዚህ ነው ሰው ከአስራ ሦስት የማያልፈው። እውነተኛው ብቸኛ ቁጥር ግን ሩቅ አልነበረም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ነበር። መምህሩ በራሱ ላይ አንድ ጨመረ፤ አንድ ቢቀንስ ኖሮ አግኝቶት ነበር። ግን መቀነስ፣ ያውም ጓዳ ያለች ሴት ቀንስ ብላህ መቀነስ! እሱን ባነሩን ከማውረድ ይልቅ እህቱን ማውረድ ቀለለው።

«ይቺ ሰባኪ ቁልፍ ስበሩ ትላለች» ብሎ የሚያወራ አይጠፋም፤ አውቃችኋለሁ። ቁልፍ ስበሩ አላልኩም። ቁልፍ አትያዙ ነው ያልኩት። የሰው ነገር ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ወገባችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ትዕግሥት አትስበኩ። እናንተም ሽማግሌዎች፣ የፊት ወንበር ላይ ያላችሁ፣ «የቤት ጉዳይ» የምትሉትን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችሁ አታውጡ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሰው አይደለም?

አንድ ነገር ብቻ ጠይቄያችሁ ልውረድ።

አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ስትሰሙኝ፣ ቤታችሁ ምሳ የምትሠራላችሁ ማን ናት? ዛሬ እሑድ ነው። እሷስ እሑድ የላትም? ለምን እዚህ አልመጣችም? ማን አስቀራት?

አሜን አትበሉኝ። የናንተን አሜን ጠግቤያለሁ። ተነሱና እቤታችሁ ሂዱ። ከማዕዱ በፊት፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ፣ ጓዳ ግቡና ጠይቋት፦ «ከአንቺ የወሰድኩት ምን አለ?» በሏት።

መጀመሪያ «ምንም» ትላለች። አትመኗት፤ እናንተን ፈርታ ነው። እዚያው ቁሙ። ሁለተኛ ጠይቁ። ሦስተኛ ጠይቁ። መናገር ስትጀምር ደግሞ አታቋርጧት።